ወዳጄ ደራሲ ሆኖ ባገኘሁት ጊዜ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጎረቤት ጠባይ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ስለ ወዳጅነት የሚሆን አንድ ነገር በራሴ ላይ ስለ ደረሰ፥ ሳልሸሽግ ልነግራችሁ አሰብሁ። ነገሩ ለእኔ ክብር የሚሆን አይደለም፤ ነገር ግን የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆናልና ከመጻፍ አልተቈጠብሁም።

አንድ ቅዳሜ ቀን ለሴት ልጄ ደብተርና እርሳስ ልገዛላት ወደ አንድ መጻሕፍት መሸጫ ገባሁ። ባለ ሱቁ ደብተሩን እስኪቈጥርልኝ ድረስ በመደርደሪያው ላይ የቆሙትን መጻሕፍት ስመለከት፥ በአንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የማውቀውን ስም አየሁ። የሰውየው ስምና የአባቱ ስም የቀድሞ ባልንጀራዬ ስም ነው። በመጀመሪያ ሞክሼ ይሆናል ብዬ መጽሐፉን ወደ ስፍራው መለስሁት። ሞክሼ በአገራችን ብዙ ነው፤ በፍርድ ቤት እንኳ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ ከሳሽ አንዱ ተከሳሽ ሆነው ሲቀርቡ አይቻለሁ። ዳሩ ግን ልቤ አላርፍ ስላለኝ መግቢያውን ገልጬ ባነብ፥ ደራሲው ፊደል የቈጠረበትን ደብርና ከደብሩ በታች የሚወርደውን ወንዝ ጠቅሷል። ያ ወንዝ እኔም ልብሴን ያጠብሁበት ወንዝ ነው። ስለዚህ ሰውየው እርሱ ራሱ መሆኑን ዐወቅሁ።

ባለ ሱቁን «ይህ መጽሐፍ ከወጣ ምን ያህል ጊዜው ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ዓመት አልፎታል፤ ለሰውየውም ሁለተኛ መጽሐፉ ነው» አለኝ። እኔ ግን ስለ አንዱም አልሰማሁም ነበር። ዋጋውን ከፍዬ መጽሐፉን ከልጄ ደብተር ጋር ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በመንገድም ሳለሁ ደስታና ዕፍረት አብረው ያስጨንቁኝ ነበር። የደስታው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የዕፍረቱን ምክንያት ግን ልንገራችሁ።

እኔና ይህ ወዳጄ በልጅነታችን በጎጃም በአንድ የቅኔ ቤት አብረን ተምረናል። የቅኔ ተማሪ ኑሮ ምን እንደ ሆነ ከእናንተ መካከል ብዙዎች ታውቁታላችሁ። ቀን አኩፋዳችንን አንግተን በየደጁ ቍራሽ እንለምናለን፤ ማታ ደግሞ ከጉባኤ ቃና ጀምረን እንደየደረጃችን ቅኔ እንቈጥራለን። እኔ ግስና ሰዋስው ቶሎ ይገባኝ ነበር። እርሱ ግን ግሱን ከማጥናት ይልቅ፥ በለመንንበት ደጅ ያየውን ሰው ነገር ሲያወራ ያመሽ ነበር። «ያች እንጀራ የሰጠችን ሴት ቍራሹን ስትዘረጋልን ወደ መንገዱ ትመለከት ነበር፤ የምትጠብቀው ሰው አላት» ይላል። ቀጥሎም የምትጠብቀው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንም እንደ ዘገየ እየፈጠረ ሲነግረን እኩለ ሌሊት ይሆናል። የኔታ ይህን በሰሙ ጊዜ «ይህ ልጅ ሰሙን ሳያቀልጥ ወርቁን ይፈልጋል» ብለው ሳቁበት።

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን። በዚያም የውጭ አገር ቋንቋ ስለ ተማርን፥ ወዳጄ የአውሮጳን ልብ ወለድ መጻሕፍት ከመጻሕፍት ቤቱ እየተዋሰ ያነብ ጀመር። ቆይቶም እርሱ ራሱ በአንድ ደብተር ላይ ታሪክ ይጽፍ ጀመር። አንድ ቀን ደብተሩን ሰጠኝና «አንብበህ የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። እኔ በዚያ ወራት ለፈተና እዘጋጅ ነበር። ደብተሩንም ከፍራሼ ሥር አድርጌ 3 ሳምንት አቈየሁት፤ አንዲት ገጽ እንኳ አላነበብሁም። በመጨረሻ ሲጠይቀኝ ደብተሩን መለስሁለትና «አንብቤዋለሁ፤ እጅግ መልካም ነው» አልሁት።

«መጨረሻውስ እንዴት መሰለህ?» አለኝ።

እኔም ሳላመነታ «መጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል» ብዬ መለስሁለት።

በዚያን ጊዜ ምንም ሳይናገር ደብተሩን ገለጠና የኋለኞቹን ቅጠሎች አሳየኝ። ባዶ ነበሩ። ታሪኩ መጨረሻ አልነበረውም፤ ደብተሩን የሰጠኝ ስለ ፍጻሜው ከእኔ ጋር ሊመካከር ኖሯል። አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ደብተሩን ዘግቶ በብብቱ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ታሪክ መንገሩ ግን ተቋረጠ። ትምህርታችንን በፈጸምን ጊዜ እርሱ በመምህርነት ተቀጥሮ ወደ ሩቅ ስፍራ ሄደ፤ እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆንሁ። እንዲህ ሆነን 23 ዓመት ሳንተያይ ኖርን። ያች ባዶ ገጽ ግን አንዳንድ ሌሊት ትታየኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ማታ መጽሐፉን ስገልጥ እንደ አንባቢ አልነበርሁም፤ የክሱን ጽሑፍ እንደ ተቀበለ ተከሳሽ ነበርሁ። ሐሜተኛ ሰው ባገኘሁ ጊዜ «ይህ እኔ ነኝን?» እላለሁ። ሰነፍ ሰው ባገኘሁ ጊዜም እንዲሁ። አንድ ጉቦ የሚወድ ጸሐፊ ባነበብሁ ጊዜማ ፊቴ ጠቈረ፤ ነገር ግን ያ ጸሐፊ አጭርና ራሰ በራ ነው ስለሚል ተጽናናሁ። ባለቤቴም ሁኔታዬን አይታ «መጽሐፍ እያነበቡ ነው ወይስ መዝገብ እየመረመሩ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ሌሊት የፈለግሁትን ሳይሆን ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። በታሪኩ ውስጥ ሁለት የቅኔ ቤት ልጆች አሉ። አንደኛው በንዳድ ታሞ በጎጆው ተኝቷል። ባልንጀራው ሲለምን ውሎ በአኩፋዳው አንዲት ቍራሽ ብቻ ይዞ ይመጣል። ያችኑ ሁሉንም ለሕመምተኛው ይሰጥና «እኔ በመንገድ በልቻለሁ» ይለዋል። ሌሊት ግን ሕመምተኛው የባልንጀራው ሆድ ሲጮኽ ይሰማል፤ ሰምቶም እንዳልሰማ ይሆናል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ተቀመጥሁ። ያ «በልቻለሁ» ያለ ልጅ እኔ ነበርሁ። ነገሩን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። እነሆ እኔ 23 ዓመት የተሸከምሁት «አንብቤዋለሁ» ያልሁትን ውሸት ነው፤ ወዳጄ ያስቀመጠልኝ ግን «በልቻለሁ» ያልሁትን ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ በአገራችን ልብ ወለድ የሚለውን ቃል ሰምቶ «ሐሰት ነው» ብሎ የሚንቅ ሰው አይታጣም። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበርሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ መጻፍ ሲያይ መጠራጠሩ አያስደንቅም። ነገር ግን ይህን ሥራ በአገራችን የጀመሩትና ያጸኑት ሥራ ፈቶች አልነበሩም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓመተ ምሕረት «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን፥ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀውን መጽሐፍ በሮማ ከተማ አሳተሙ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመንግሥት ከባድ ሥራ ሳለባቸው በ1923 ዓመተ ምሕረት ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ «የልብ አሳብ» የተባለውን፥ በ1925 ዓመተ ምሕረትም በፓሪስ ተምሮ ስለ ተመለሰ ወጣት «አዲስ ዓለም» የተባለውን አወጡ። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በ1941 ዓመተ ምሕረት «አርአያ»ን አሳተሙ። በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩት፥ በጠላት ወረራ ዘመን ተማርከው በኢጣልያ በግዞት የኖሩት፥ ኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉት ሐዲስ አለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓመተ ምሕረት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ሰጡ። ይህም መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ስለ ተነበበ፥ ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ዘመዱ ነገር ሲያወራው ኖሯል።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ በሥራ ስፍራቸው ባልደረባ ነበራቸው። በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ የዋለ፥ በአንድ ግብር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጓደኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እንደሚያስብ ያውቅ ኖሯልን? የሰው ሥራው ለሁሉ ይታያል፤ አሳቡ ግን ለሚጠይቀው ብቻ ይገለጣል።

ሐሰት ነው ስለ መባሉም ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ለብዙ ዓመት የምስክሮችን ቃል ጽፌአለሁ። ምስክሩ «አላየሁም» ቢል፥ «አላየሁም አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ሲል እጁ ሲንቀጠቀጥ፥ ዐይኑም ወደ ወንድሙ ሲመለከት አያለሁ፤ ነገር ግን አልጽፈውም፤ ይህን መመዘን የዳኛው እንጂ የእኔ ሥራ አይደለምና። ወዳጄ የሚጽፈው እኔ የተውሁትን ነው። ስሙንና ቀኑን ይለውጣል፤ የእጁን መንቀጥቀጥ ግን አይለውጥም። የእኔ መዝገብ የተባለውን ሁሉ ይዟል፤ ያችን የተራበች ሌሊት ግን የትኛው መዝገብ ያዘልኝ?

መጽሐፉን በፈጸምሁ ጊዜ ለወዳጄ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። አስቀድሜ «እጅግ መልካም ነው» ብዬ ጻፍሁና፥ ያን ጊዜም ያልሁት ይህንኑ እንደ ሆነ ትዝ ሲለኝ ወረቀቱን ቀደድሁት። እንደ ገና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እርሳስ ይዤ አነበብሁት። ከዚያም እንዲህ ስል ጻፍሁለት፤ «የሽማግሌውን ሞት አቻኩለኸዋል፤ ልጁ ሳይደርስለት መሞቱ መልካም ነው፤ እኛ ግን እንድንጠብቅ አላደረግኸንም። ደግሞም በችሎቱ ታሪክ ላይ ሦስተኛው ምስክር ተቀምጦ የሁለቱን ምስክርነት ሲሰማ ጽፈሃል። ይህ አይደረግም፤ ቃሉን ያልሰጠ ምስክር ከውጭ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ወንዙን የጻፍህበትን ገጽ ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። በመጨረሻም ሁለት ነገር እናዘዝሃለሁ፤ ያን ማታ በመንገድ አልበላሁም ነበር፤ ደብተርህንም አላነበብሁትም ነበር።»

ሳምንት ሳይሞላ «ና» የሚል መልስ ደረሰኝ። እኔ ሩቅ ነው ብዬ ያሰብሁት ወዳጄ ለካ ወደ ከተማችን ከተዛወረ 4 ዓመቱ ኖሯል። ቤቱ በደረስሁ ጊዜ ባለቤቱ «ይግቡ፤ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» ብላ በክብር ተቀበለችኝ። የተቀመጥሁበት መቀመጫ ደልዳላና ጠንካራ ነበር። ኋላ ልብሱን ገልጬ ባይ፥ በገመድ የታሰሩ ያልተሸጡ መጻሕፍት ናቸው። ከአልጋውም በታች እንዲሁ ተደርድረዋል።

ወይዘሮዋ ቡና እያፈላች የመጽሐፉን ነገር አጫወተችኝ። ባሏ የሚጽፈው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። ለማተሚያው ዋጋ የሆነው የዕቁባቸው ዕጣ ነው፤ ያም ገንዘብ ለጣራ ቆርቆሮ የታሰበ ነበር። «ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን አስቀድሞ ይቀበላል፤ ነጋዴው ግን መጽሐፉን ከሸጠ በኋላ ነው የሚከፍለን፤ በመካከል ያለው ጊዜ የእኛ ጾም ነው» አለችኝ። ይህንም ስትናገር አላማረረችም። በቤቱ ጥግ ጣራው ለሚያንጠባጥበው ውሃ የተቀመጠ ሳፋ ነበር።

ወዳጄ ጠጕሩ ሸብቷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። «ብዙ ሰው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ ብዙ ሰውም መጽሐፉን በነጻ እንድሰጠው ለመነኝ። ምስክሩን ከችሎት ያስወጣልኝ ግን አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። እኔም እየፈራሁ ያ አሮጌ ደብተር ምን እንደ ደረሰ ጠየቅሁት።

«አይጥ በላው» አለኝ። «እርሱንም እንዳንተ መጨረሻው ደስ አሰኝቶት ይሆናል።»

በዚህ ጊዜ ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤ «በዚያ ቀን ተቀይሜህ ነበር፤ ቅያሜውም ቶሎ አልወጣልኝም። ስለ አንተ ክፉ ልጽፍ ብዕሬን ያነሣሁበት ቀን ነበረ። ነገር ግን ስጽፍ ያች ቍራሽ እየመጣች አስቸገረችኝ። በቂም የተጻፈ ከሁለት ገጽ አያልፍም፤ መጽሐፍ አይሞላም።» እኔም ተነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም ይቅር ለእግዚአብሔር አለኝ።

ከዚህ በኋላ ግን የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ይወጋኛል። «የመጀመሪያውን መጽሐፌን ከመታተሙ በፊት ያነበበልኝ አንድ ሰው አልነበረም። ለማን እንደምሰጠው ሳስብ አንተ ነበርህ የምትታየኝ፤ ያን ደብተር አስታውሼ ተውሁት። ስሕተቱ ሁሉ እንዳለ ታትሞ ወጣ፤ አሁን ማን ይመልሰዋል?» አለኝ። ይቅርታ ቅያሜን ያስወግዳል፤ የታተመውን ግን አይመልስም። እኔ በ3 ሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ብነፍገው፥ እርሱ 23 ዓመት ያለ አንባቢ ሠራ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ያገኘሁትን ምክር ለቤተ ሰብ ሁሉ በአጭሩ ልስጥ።

አንደኛ፤ ወዳጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ መጽሐፍ ቢያሳትም፥ ገዝታችሁ አንብቡ እንጂ በነጻ አትለምኑት። ከመጽሐፉ በስተ ኋላ ያልተከደነ ጣራ እንዳለ ዕወቁ።

ሁለተኛ፤ ሳታነቡ አታመስግኑ። ያልተነበበ መጽሐፍ ምስጋና ከነቀፋ ይልቅ ያሳዝናል፤ ነቃፊው ቢያንስ አንብቧልና። ጊዜ ከሌላችሁ «አላነበብሁም፤ በዚህ ቀን አነባለሁ» በሉ፤ ይህ አያሳፍርም።

ሦስተኛ፤ በወዳጃችሁ መጽሐፍ ውስጥ አስቀድማችሁ ራሳችሁን አትፈልጉ። ራሱን የሚፈልግ ሰው የሌላውን ኀዘን ሳያይ ያልፋል፤ እኔም ሁለት ሌሊት ሙሉ እንዲህ አለፈኝ።

አራተኛ፤ ከምስጋናችሁ ጋር አንድ የተለየ ነገር ንገሩት፤ ይህ ገጽ ስለ ምን ደስ እንዳሰኛችሁ፥ ያም ገጽ ስለ ምን እንዳሰለቻችሁ። ደራሲ የሚለየው አንብቦ የሚናገረውንና ሳያነብ የሚናገረውን ነው፤ ይህንም ወዲያው ያውቃል።

አምስተኛ፤ ይህ ሁሉ ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። በቤታችን ውስጥ ማታ ማታ የሚጽፍ ልጅ፥ ሥራዋን ጨርሳ በወረቀት ላይ አሳቧን የምታኖር ሴት ትኖር ይሆናል። ደብተሩን ሲሰጡን የሚሰጡን ወረቀት ብቻ አይደለም።

ይህን ምክር ጽፌ ሳልፈጽም ልጄ ያን ቅዳሜ የገዛሁላትን ደብተር ይዛ መጣችና «አባባ፥ አንድ ነገር ጽፌአለሁ፤ ያዩልኛል?» አለችኝ። ከፊቴ የተከመረ የመዝገብ ግልባጭ ነበረብኝ፤ «ኋላ» ለማለትም አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን ተቀበልኋትና አስቀድሜ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። ባዶ ነው።

«ገና አልጨረስሽውም» አልኋት።

«አዎን፤ እንዴት እንደሚያልቅ ቸግሮኛል» አለችኝ።

ግልባጩን ወደ ጎን አድርጌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ።